ነዳጅና ማገዶ፤ የሁለት ስያሜዎች ታሪክ

ቃላት የአንድን አገር የኑሮና የሥራ ታሪክ ጠብቀው ያቆያሉ። ለዚህም «ማገዶ» እና «ነዳጅ» ጥሩ አብነት ናቸው። «ማገዶ» የወጣው «ማገደ» ከሚለው ግሥ ነው፤ እንጨት ወደ እሳት የሚጨምረውን ሰው ድርጊት ይዟል። «ነዳጅ» ግን ከ«ነደደ» የተገኘ ነው፤ «ወለደ» «ወላጅ» እንደሚሆን ሁሉ የመጨረሻው «ደ» ወደ «ጅ» ተለውጧል። በአፈጣጠሩ የሚነድን ነገር ሁሉ ሊያጠቃልል ይገባው ነበር። ይሁን እንጂ መኪናና የሞተር ወፍጮ ሲስፋፉ ለቤንዚንና ለናፍጣ ተለየ፤ «ነዳጅ ማደያ» የሚለው ስያሜም ይህንኑ አጸና።

ኤሌክትሪክ ስሙን ያገኘው በሌላ መንገድ ነው። ሕዝቡ ከአገልግሎቱ አንዱን ወስዶ ሁሉንም «መብራት» አለው፤ በቀትር ወፍጮ ሲቆም እንኳ «መብራት ጠፋ» ይባላል። ይህ ኀይል በአገራችን በአብዛኛው የሚመነጨው ከውኃ ነው። ቆቃ በ1952፥ ጢስ ዓባይ በ1956፥ የጣናን ውኃ በዋሻ የሚስበው 460 ሜጋ ዋት ጣና በለስ በ2002፥ 5,150 ሜጋ ዋት የሆነው የሕዳሴ ግድብ በ2017 ዓ.ም. ሥራቸው ተመረቀ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ።

ተርጓሚው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የበለጸጉት አገሮች መሐንዲሶች ስለ ኀይል ሽግግር ሲጽፉ በቅድሚያ የሚያስቡት የድንጋይ ከሰል፥ የዘይትና የጋዝ ማመንጫዎችን መተካት ነው። ይህ «ከነዳጅ መላቀቅ» ተብሎ ቢተረጐም በጐንደርና በባሕር ዳር መንገድ ላይ ባለችው በማክሰኝት የሚሰማው ሰው መኪናውንና የናፍጣ ወፍጮውን እንጂ ምድጃውን አያስብም። የደጋው ማእድ ቤት ግን የሚያነደው ባሕር ዛፍና ኩበት ነው፤ ኩበቱ በነደደ መጠን ማሳው ፍግ ያጣል። ለዚህ የመሐንዲሱ መልስ እንጨት ቈጣቢ ምድጃና የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። በአንጻሩ ተርጓሚው «ነዳጅ» ብሎ ሁሉንም ቢጠቀልል የከሰል ማመንጫውና የገበሬዋ ኩበት በአንድ ስም ይከሰሳሉ።

ስለዚህ ሦስቱን መለየት ይበጃል፤ ለእንጨት፥ ለኩበትና ለመሳሰለው «ማገዶ»፤ ለከሰል፥ ለዘይትና ለጋዝ «የቅሪተ አካል ነዳጅ»፤ ለኤሌክትሪክ «የኤሌክትሪክ ኀይል»። «ሽግግር» የሚለውም ከምን ወደ ምን እንደ ሆነ አብሮ ይጻፍ። ስሙ ያልተለየ ነገር ከዕቅዱም ይቀራልና።