በአንቴና በር የገባው ቪዲዮ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፣ የዚያን ዘመን መቀበያዎች ምስል የሚገባባቸው በር አንድ ብቻ፣ ይኸውም የአንቴናው መሰኪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 በጃፓን ለገበያ የቀረበው የቪኤችኤስ ካሴት ማጫወቻም ይህንኑ በር ተጠቀመ፤ ምስሉን በሬዲዮ ሞገድ ላይ ጭኖ እንደ ትንሽ ማሠራጫ ጣቢያ ይልክ ነበርና።

እ.ኤ.አ. በ1996 የተከተለው የዲቪዲ ማጫወቻ ግን በአብዛኛው ይህ ክፍል የለውም፤ ምስሉን በቢጫ፣ ድምፁን በነጭና በቀይ መሰኪያ ያወጣል። በሰበታ፣ በቡራዩም ሆነ በሱሉልታ አሮጌ ቴሌቪዥኑን ለመጣል አቅም ለሌለው ቤተሰብ የሚሠራ ባለሙያ ታዲያ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ቴሌቪዥኑን ከፍቶ የምስሉን ሽቦ ከውስጥ መበየድ ነው። ሁለተኛው በሞዱሌተር፣ ወይም የምስልና የድምፅ መግቢያ ባለው በአሮጌው ካሴት ማጫወቻ በኩል ወደ አንቴናው መግባት ነው።

የመጀመሪያው አጭር ቢመስልም አደገኛ ነው። የብዙ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ሻሲ ከመብራት መስመሩ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስለሆነ፣ የማጫወቻው ብረት የነካውን ሰው ሊገድል ይችላል። የአንቴናው መሰኪያ ግን በካፓሲተር ከመስመሩ የተለየ ነው። ስለዚህ ባልደረቦቻችን ብየዳ ከማንሣታቸው በፊት ሻሲውን ይለኩ ዘንድ ይገባል።