ራማኑጃንና የፈተናው ሚዛን

የተማሪን ብቃት ለመለየት በየትምህርት ተቋሙ የሚያገለግለው ዋነኛ መለኪያ ፈተና ነው። ይህ መለኪያ የሚመዝነውንና የሚያመልጠውን ለይቶ ለመረዳት የህንዳዊውን የሒሳብ ሊቅ የሽሪኒቫሳ ራማኑጃንን ታሪክ መመርመር ይጠቅማል።

ራማኑጃን እ.ኤ.አ. በ1887 በደቡብ ህንድ፣ ኢሮድ በተባለች ከተማ ተወልዶ በኩምባኮናም አደገ። አባቱ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ጸሐፊ ነበር። በ1903፣ ገና የ2ኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ፣ ጆርጅ ካር የተባለ እንግሊዛዊ አስጠኚ ያጠናቀረው የሒሳብ መጽሐፍ በውሰት እጁ ገባ። መጽሐፉ 5,000 ያህል ውጤቶችን በተርታ ይዘረዝራል፤ ማረጋገጫቸውን ግን ወይ ጨርሶ አይሰጥም፣ ወይም በአጭሩ ጠቁሞ ያልፋል። ለሌላው ተማሪ እንቅፋት የሚሆነው ይህ ጉድለት ለራማኑጃን የሥራ መስክ ከፈተለት። እያንዳንዱን ውጤት በራሱ መንገድ እየደረሰበት፣ ከዚያም አልፎ አዳዲስ እያፈለቀ ሄደ። ወረቀት ውድ ስለነበረ በድንጋይ ሰሌዳ ላይ እያሰላ የመጨረሻውን ውጤት ብቻ በደብተሩ ያሰፍር ነበር።

በ1904 በነፃ ትምህርት ዕድል ኮሌጅ ገባ። ነገር ግን ሐሳቡ ሁሉ በሒሳብ በመያዙ ሌሎቹን ትምህርቶች ችላ አለ፤ ዕድሉንም ተነጠቀ። በ1906 እና በ1907 በማድራስ ዩኒቨርሲቲ ፈተና ተቀምጦ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ደንቡ ሁሉንም የትምህርት ዓይነቶች ማለፍን ግድ ይል ስለነበር፣ የሒሳብ ችሎታው ሊያድነው አልቻለም። ከብዙ ችግር በኋላ በ1912 በማድራስ ወደብ መሥሪያ ቤት በወር 30 ሩፒ ደመወዝ በጸሐፊነት ተቀጠረ።

በጥር 1913 ወደ ካምብሪጅ ለሒሳብ ሊቁ ለሃርዲ ደብዳቤ ጻፈ። ሃርዲ ከባልደረባው ከሊትልውድ ጋር ሆኖ ሲመረምረው፣ ከውጤቶቹ ከፊሉ አስቀድሞ የታወቀ፣ ከፊሉ የተሳሳተ፣ ከፊሉ ደግሞ ከዚያ በፊት ማንም ያልደረሰበት ሆኖ አገኘው። በዚያው ዓመት ፈተናው ሁለት ጊዜ የጣለው የማድራስ ዩኒቨርሲቲ፣ ዲግሪ ሳይኖረው በወር 75 ሩፒ የምርምር ድጎማ ፈቀደለት። ሰውየውም ዩኒቨርሲቲውም ያው ነበሩ፤ የተለወጠው፣ ሥራው ራሱ ተነብቦ መመዘኑ ነበር።

በ1914 ራማኑጃን ካምብሪጅ ሲደርስ ሃርዲን አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ገጠመው። ሊቁን እንደ ጀማሪ ተማሪ ከሥር ጀምሮ ማስተማር የፈጠራ ስሜቱን ሊያቀዘቅዝ ይችላል፤ የማረጋገጫን ሥርዓት ሳያውቅ መተውም ለስሕተት ይዳርገዋል። ስለዚህ ሃርዲ የጎደለውን በሥራው መካከል እያስተማረው አብሮት መመራመርን መረጠ። የዚህ ትብብር ፍሬ ከሆኑት አንዱ በ1918 የታተመው የቁጥር ክፍፍል ጥናት ነው። 4 ቁጥር በአምስት መንገድ ይከፈላል፤ እነዚህም 4፣ 3+1፣ 2+2፣ 2+1+1 እና 1+1+1+1 ናቸው። 200 ግን በ3,972,999,029,388 መንገድ ይከፈላል። ሁለቱ ሊቃውንት ይህን የመሰለውን ብዛት ሳይቆጥሩ የሚደርሱበትን ቀመር አስገኙ። ራማኑጃን በዚያው ዓመት የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። ነገር ግን ሕመም ስለጸናበት በ1919 ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በሚያዝያ 1920 በ32 ዓመቱ አረፈ። በደብተሮቹ ያሰፈራቸውን ውጤቶች አንድ በአንድ አረጋግጦ ማሳተም እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ የሌሎች ሊቃውንት ሥራ ሆኖ ቆይቷል።

ሃርዲ ከዓመታት በኋላ እንደ ገለጸው፣ እውነተኛው ጉዳት የራማኑጃን ያለዕድሜ መሞት ሳይሆን በወጣትነቱ ለአምስት ዓመታት ያለ መሪ ያባከነው ጊዜ ነው። ከዚህ ታሪክ ፈተና ይቅር የሚል ትምህርት አይገኝም፤ የራማኑጃን ስሕተቶች ራሳቸው መምህር አስፈላጊ መሆኑን ይመሰክራሉና። የሚገኘው ትምህርት ሌላ ነው። በአንድ ትምህርት እጅግ ልቆ በሌላው የወደቀ ተማሪ ሲያጋጥም፣ መምህሩ ከውጤት መዝገቡ ጋር ደብተሩንም ገልጦ ሊያነብ ይገባዋል። የትምህርት ዕቅድ አውጪውም ከመደበኛው በር ሌላ እንዲህ ያለው ተማሪ የሚገባበት አንድ በር በደንቡ ውስጥ አስቀድሞ ሊያኖር ይገባል። በሩ ለራማኑጃን የተከፈተው ዘግይቶ ነው፤ ያም ሆኖ አንድ ሰው ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው በጥሞና ስላነበበለት ነው።