ከካልካታ እስከ ዴልሂ፦ የሕንድ የከተማ ባቡር አጀማመር

በሕንድ አገር የምድር ውስጥ ባቡር የተጀመረው በካልካታ፣ በዛሬው አጠራር በኮልካታ ነው። ከተማዋ በፈረስ የሚጎተተውን ትራም በ1873፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን በ1902 አግኝታ ነበር (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ ለምድር ውስጡ ባቡር የመሠረት ድንጋይ ያኖሩት በ1972 መጨረሻ ሲሆን፣ የመጀመሪያው 3.4 ኪሎ ሜትር ለሕዝብ የተከፈተው ግን ኦክቶበር 24 ቀን 1984 ነው። 16 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል የሚሆነው መስመር በሙሉ እስኪያልቅ ደግሞ 1995 ደረሰ።

ለመዘግየቱ አፈሩን መውቀስ ይቀላል። ዋሻው በአብዛኛው የተሠራው ጎዳናውን ከላይ ቆፍሮ፣ ግድግዳና ጣሪያ አቁሞ፣ መልሶ በመሸፈን ነው፤ መሬቱም ለስላሳ ሸክላ በመሆኑ የጉድጓዱን ጎን በኮንክሪት መደገፍ ግድ ነበር። የውሃና የፍሳሽ ቱቦዎችን ማዛወርም ብዙ ጊዜ ፈጀ። ይህ ሁሉ ግን መሐንዲስ የሚፈታው ነገር ነው። እስከ 1977/78 ድረስ በቂ ገንዘብ አለመመደቡን፣ የፍርድ ቤት እገዳውንና የዕቃ አቅርቦቱን መቆራረጥ ግን ማንም በስሌት ሊፈታው አልቻለም። የከተማው ነዋሪ በተቆፈረ ጎዳና ዳር ለዓመታት ኖረ።

በ1970 የካልካታውን ሥራ እንዲያቅዱ ከተመደቡት መሐንዲሶች አንዱ ኢ. ስሪድሃራን ነበሩ። በኋላ የዴልሂን ሜትሮ የመሩትም እሳቸው ናቸው። በ1995 የተቋቋመውን የዴልሂ ኩባንያ ማዕከላዊው መንግሥትና የዴልሂ መንግሥት በእኩል ድርሻ ያዙት፤ ከወጪውም ትልቁ ክፍል ከጃፓን በተገኘ የረጅም ጊዜ ብድር ተሸፈነ። ስለሆነም ሥራው በየዓመቱ የበጀት ድልድል እንዲጠብቅ አልተገደደም። የመጀመሪያው መስመር በ2002 ተከፈተ፤ 65 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2006 ተጠናቀቀ።

ስሪድሃራን ያልረቱበት ክርክርም ነበር። እሳቸው 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ሐዲድ ቢመርጡም፣ መንግሥት የአገሩን ባቡር ሰፊ ሐዲድ፣ 1,676 ሚሊ ሜትሩን አጸና። ከዚያ በኋላ ግን ባንጋሎር በ2011፣ ሙምባይ በ2014፣ ቼናይ በ2015 የከፈቷቸው መስመሮች ሁሉ በጠባቡ ሐዲድ የተሠሩ ናቸው።

ኮልካታም በ2024 ከሁግሊ ወንዝ ሥር የሚያልፍ መስመር ከፈተች። ባቡሩ ወንዙን ተሻግሮ የሚደርሰው በ1984 የመጀመሪያው ጉዞ በተጀመረበት ስፍራ፣ በኤስፕላናድ ነው።