ስለ ጋዜጣና ስለ አንባቢ

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1902 የግሪኩ ተወላጅ እንድርያስ ካቫዲያስ በአዲስ አበባ የአማርኛ ጋዜጣ በጀመረ ጊዜ፥ በየሳምንቱ በእጅ የሚጻፈው 24 ቅጂ ብቻ ነበር፤ ስሙንም «አእምሮ» ያሉት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። በእጅ ለሚገለብጥ ጸሐፊ ትርፍ ቃል ትርፍ ድካም ነው።

ከ23 ዓመት በኋላ፥ በ1917 ዓ.ም.፥ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ያቋቋሙት «ብርሃንና ሰላም» በማተሚያ መኪና ይወጣ ጀመር። ቃልን ማብዛት ቀለለ፤ ነገር ግን ጋዜጣውን ያስወደደው የቃል ብዛት አይደለም፤ የተማሩት ወጣቶች ስለ ትምህርትና ስለ አገር መሻሻል አሳባቸውን ይገልጹበት ስለ ነበረ ነው። ሰው የራሱን ጉዳይ ባገኘበት ገጽ ላይ ዓይኑ ይቈያል። እንግዲህ ብዕር የሚያነሣ ሁሉ አስቀድሞ የአንባቢውን አሳብ ይመርምር፤ መኪና ቅጂን ያበዛል እንጂ አንባቢን አያበዛምና።