ሃያ ዓመት ያሳሳተ ቀለም፦ የሴት ሆርሞንና የሳንባ ካንሰር ታሪክ

73 እና 40።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች በ2009 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሲወጡ የካንሰር ሐኪሞችን አስደንግጠዋል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ የወር አበባቸው የቆመ፣ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 የሆነ 16,608 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን የተባሉ ሆርሞኖች ያሉበትን እንክብል፣ ግማሾቹ ደግሞ መልኩ አንድ ሆኖ መድኃኒት የሌለበትን እንክብል በየቀኑ ዋጡ። በዘመኑ ይህ ሆርሞን ለልብም ለአጥንትም ይበጃል ተብሎ ለሚሊዮኖች ይታዘዝ ነበር። ጥናቱ ግን የጡት ካንሰርና የልብ ሕመም መጨመሩ ስለታየ በ2002 ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ።

ከዚያ በኋላ ሮዋን ክሌቦውስኪና ባልደረቦቹ ማንም ብዙም ወዳላሰበበት ወደ ሳንባ ዞሩ። ሆርሞን ከወሰዱት መካከል 109፣ ካልወሰዱት መካከል 85 ሴቶች በሳንባ ካንሰር ተይዘዋል። ይህ ልዩነት በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው። የሞቱት ሲቆጠሩ ግን ሆርሞን ከወሰዱት 73፣ ካልወሰዱት 40 ሆኑ። ይህኛው በአጋጣሚ የሚታለፍ አይደለም። ሆርሞኑ ካንሰሩን ባያመጣውም እንኳ፣ አንዴ የመጣውን አጣድፎ ገዳይ ያደረገው ይመስላል።

ታዲያ አንዲት ሴት በሳንባ ካንሰር ስትያዝ ዕጢዋ ሆርሞን የሚሰማ ይሁን አይሁን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል? ለጡት ካንሰር መልሱ "አዎ" ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል። ለሳንባ ግን መልሱ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ያልተገኘበት ምክንያት ደግሞ ከራሱ ከበሽታው ይልቅ ስለ ሳይንስ አሠራር ብዙ የሚናገር ነው።

የጡቱ ታሪክ የሚጀምረው ከላም ነው። በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ የነበረው ቀዶ ሐኪም ጆርጅ ቢትሰን ስለ ወተት አመነጫጨት ሲያጠና፣ በአንዳንድ አገር ያሉ ገበሬዎች ላሟ ከወለደች በኋላ የእንቁላል እጢዋን አውጥተው ወተቷ ሳይነጥፍ እንዲቆይ እንደሚያደርጉ ሰማ። የእንቁላል እጢ ጡትን ከሩቅ ያዛል ማለት ነው። በ1895 ካንሰሯ ተስፋፍቶ ተስፋ የተቆረጠባትን አንዲት የ33 ዓመት ሴት የእንቁላል እጢዎች አወጣ። ዕጢው በወራት ውስጥ ጠፋ። ውጤቱን በ1896 አሳተመ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ብዙም ሳይቆይ ግን ጥቅም የምታገኘው ከሦስት ሴቶች አንዷ ብቻ መሆኗ ታወቀ። ሁለቱ በከንቱ ተቀደዱ። አንዷ የትኛዋ እንደሆነች ለመለየት ደግሞ ሰባ ዓመት ያህል ፈጀ።

መንገዱን የከፈተው የቺካጎው ኬሚስት ኤልዉድ ጄንሰን ነው። ተራራ መውጣት የሚወድ ሰው ነበር። ማተርሆርን የተባለው ተራራ ሁሉም በጣሊያን በኩል ሲሞክር ኖሮ በስዊዘርላንድ በኩል መሸነፉ ለምርምሩ ትምህርት እንደሆነው ራሱ ይናገር ነበር። በዚያ ዘመን ሌሎች ተመራማሪዎች የሚጠይቁት "ሆርሞኑ በሰውነት ውስጥ ምን ያደርጋል?" ብለው ነበር። ጄንሰን ጥያቄውን ገልብጦ "ሰውነት ሆርሞኑን ምን ያደርገዋል?" አለ። ኤስትሮጅን ላይ ጨረር አመንጪ ሃይድሮጅን አያይዞ ለሴት አይጦች ሰጠና የት እንደሚሄድ ተከታተለ። ከደምና ከጡንቻ ቶሎ ወጣ፤ ማህፀን ውስጥ ግን ቆየ። የሚይዘው አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ያ ነገር ኋላ የኤስትሮጅን ተቀባይ የተባለው ፕሮቲን ሆነ። ጄንሰን በ1958 ቪየና ላይ ይህን ሲያቀርብ አዳራሹ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1970ዎቹ ምርመራው ወደ ሆስፒታል ገባ። ዕጢያቸው ተቀባዩ ካለበት ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለሆርሞን ሕክምና ምላሽ ሲሰጡ፣ ከሌለባቸው መካከል ግን ምላሽ የምትሰጠው ከአሥር አንድ እንኳ አትሞላም። በዚሁ ጊዜ ታሞክሲፈን መጣ። ዶራ ሪቻርድሰን በእንግሊዝ አገር በ1962 የሠራችው ይህ ኬሚካል ታስቦ የነበረው ለእርግዝና መከላከያ ሲሆን፣ ለዚያ ግን አልሆነም፤ እንዲያውም ሴቶች እንቁላል እንዲያወጡ ይረዳ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ፋርማሲ ውስጥ ሳይቀር ስሙ የሚታወቅ የጡት ካንሰር መድኃኒት ነው። ምርመራውና መድኃኒቱ ተገናኙ፤ የቢትሰን "የትኛዋ?" የሚለው ጥያቄም መልስ አገኘ።

ወደ ሳንባ ሲመጣ ይኸው መንገድ የሚሠራ መሰለ። በ1996 ስዊድን ካሮሊንስካ ተቋም የነበረው የያን ኦኬ ጉስታፍሰን ቡድን ሁለተኛ የኤስትሮጅን ተቀባይ ማግኘቱን አስታወቀ። የፊተኛው አልፋ፣ አዲሱ ቤታ ተባሉ። ብዙም ሳይቆይ የሳንባ ዕጢዎች ውስጥ በብዛት የሚታየው ቤታ ነው የሚሉ ጽሑፎች ጎረፉ። ከዚያ መደናገሩ ተከተለ። በ2005 ከጃፓን የወጣ ጥናት ቤታ የሌላቸው ታማሚዎች ዕጣቸው የከፋ ነው አለ። ሌላው፣ ቤታ ለወንዶች መልካም ምልክት ነው፤ ለሴቶች ግን አይደለም አለ። ከአሜሪካ ፒትስበርግ የወጣው ደግሞ ወሳኙ ተቀባዩ ያለበት ቦታ ነው፣ ከሴሉ አስኳል ውጪ ከታየ ክፉ ነው አለ። አንዱ ያነበበውን ሌላው ገልብጦ ያነብባል።

ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ከዕጢው ቀጭን ቅንጣቢ ተቆርጦ መስታወት ላይ ይደረጋል። የሚፈለገውን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ይጨመርበታል፤ በያዘበት ቦታ ቡናማ ቀለም ይወጣል። ሐኪሙ የሚያነብበው ቀለሙን ነው። አንቲቦዲው ሌላ ፕሮቲን ከያዘም ቀለሙ ያው ቡናማ ነው።

በ2017 የስዊድን ተመራማሪዎች ቤታን ለመለየት የሚሸጡ 13 አንቲቦዲዎችን አንድ በአንድ ፈተኑ። በዚህ ዓይነቱ የቀለም ምርመራ ቤታን ብቻ ለይቶ የያዘው አንድ ነበር፤ እሱም እምብዛም ሰው የማይጠቀምበት። በትክክለኛው አንቲቦዲ ሲታይ ቤታ በብዛት ይገኝበታል ሲባል የኖረው ጡት እንኳ ምንም አልታየበትም። ሃያ ዓመት ሙሉ "ቤታ አለ፣ ቤታ የለም" ተብሎ ከታማሚዎች ዕድሜ ጋር የተሰላው ቀለም፣ ከፊሉ የሌላ ፕሮቲን ጥላ ነበር ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ አጭበርባሪ አልነበሩም። ዕቃውን ከካታሎግ ገዝተው፣ ወረቀቱ የሚለውን አምነው ሠሩ። ይህን ግን ቀላል ስህተት ብሎ ማለፍ ያስቸግራል፤ መሣሪያውን መፈተን ከመለካት በፊት የሚመጣ ሥራ ነውና።

ቀለሙ ስለተሳሳተ ሆርሞን ከሳንባ ጋር ጉዳይ የለውም ማለት ግን አይደለም። 73ቱ የተቆጠሩት በአንቲቦዲ አይደለም። ከጄኔቫ የጡት ካንሰር መዝገብ በ2011 የወጣ ጥናትም አለ፦ 6,655 ሴቶች ተከታትለው ሲታዩ፣ ፀረ ኤስትሮጅን የወሰዱት በሳንባ ካንሰር የሞቱት ከሚጠበቀው እጅግ ያነሱ ነበሩ። በጠቅላላው በሳንባ ካንሰር የተያዙት 40 ብቻ ስለነበሩ ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ አቅጣጫው ግን ከአሜሪካው ጋር ይገጥማል። በሌላ በኩል፣ ማህፀናቸው የወጣላቸው ሴቶች ኤስትሮጅን ብቻ በወሰዱበት የአሜሪካ ጥናት የሳንባ ካንሰር ሞት አልጨመረም። ጥፋተኛው ፕሮጄስቲን ይሆን? ወይስ የሁለቱ ጥምረት?

መድኃኒቱም ተሞክሯል። የፈረንሳይ ሐኪሞች የወር አበባቸው ለቆመ የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ከተለመደው እንክብል ጋር ፉልቬስትራንት የተባለውን ፀረ ኤስትሮጅን መርፌ ጨመሩ። በሽታው ሳይገፋ የሚቆይበት ጊዜ አልረዘመም።

ጎን ለጎን ሌላ ምልክት አሸንፎ ወጥቷል። በ2004 ቦስተን ውስጥ ሁለት ቡድኖች ኢጂኤፍአር በተባለው ዘረመል ላይ ለውጥ ያለባቸው የሳንባ ዕጢዎች ለጌፊቲኒብ እንክብል እንደሚሸነፉ አሳዩ። በ2009 የወጣው በምሥራቅ እስያ በ1,217 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ለውጡ ላለባቸው እንክብሉ፣ ለሌላቸው ኬሞቴራፒው እንደሚሻል ለየ። ብዙዎቹ ያላጨሱ ሴቶች ነበሩ፤ የሆርሞን ተመራማሪዎች ዓይናቸውን የጣሉባቸው ዓይነት ታማሚዎች። ይህ ምልክት ግን የሚነበበው ከዘረመሉ ፊደል ላይ እንጂ ከቡናማ ቀለም አይደለም።

ስለዚህ ዛሬ የጡት ካንሰር ታማሚ የላቦራቶሪ ወረቀት ላይ የኤስትሮጅን ተቀባይ የራሱ መስመር አለው። በሳንባ ካንሰር ታማሚ ወረቀት ላይ ግን በአብዛኛው የሚጠየቀው ለሌላ ጉዳይ ነው፦ ዕጢው ከሳንባው የተነሣ ነው ወይስ ከጡት ተሰራጭቶ የመጣ? ለዚያም ቢሆን ብቻውን አይታመንም፤ አንዳንድ የሳንባ ዕጢዎች ይህንኑ ቀለም ይይዛሉና።