የ18ቱ ጉድጓዶች መነሻ

በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ በምትገኘው በሴንት አንድሩስ ከተማ 22 መኳንንትና ባላባቶች በ1754 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የጎልፍ ማኅበር አቋቋሙ። መጫወቻቸው በባሕሩ ዳር የተዘረጋው አሸዋማ መስክ ሲሆን፣ መተዳደሪያ ያደረጉትም የኤድንበርግ ተጫዋቾች በ1744 ያወጧቸውን 13 ደንቦች ነበር።

በዚያ ዘመን የአንድ ዙር ጨዋታ ልክ እንደየመስኩ ይለያይ ነበር። በኤድንበርግ አጠገብ በሚገኘው በሊዝ መስክ አምስት ጉድጓዶች ብቻ ነበሩ። በሴንት አንድሩስ ግን ተጫዋቾቹ በሄዱበት መስመር ስለሚመለሱ ዙሩ 22 ይሞላ ነበር። በ1764 የመጀመሪያዎቹ አራት ጉድጓዶች ርቀት አጭር ሆኖ ስለ ተገኘ አራቱ ወደ ሁለት ተጠቃለሉ። ቅነሳው በመሄጃም በመመለሻም ስለ ተቈጠረ ዙሩ 18 ሆነ። ቁጥሩ ከዚህ የተለየ የስሌት መሠረት አልነበረውም፤ ሆኖም ቀስ በቀስ ሌሎችም ተከተሉት።

ማኅበሩ በ1834 ከንጉሥ ዊልያም አራተኛ የንጉሣዊነት ማዕረግ አገኘ። በ1897 የደንብ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ይህም ኃላፊነት በ2004 ራሱን ወደ ቻለ ድርጅት እስኪዛወር ድረስ በእጁ ቈየ። የከተማይቱ ሴቶች በ1867 የራሳቸውን ክበብ ቢመሠርቱም፣ ማኅበሩ ሴቶችን በአባልነት ለመቀበል የወሰነው ከተቋቋመ ከ260 ዓመታት በኋላ፣ በ2014 ነው።

ይህ ታሪክ የሥራ ደረጃ ለሚያወጡ ባለሙያዎች ሁለት ቁም ነገር ያስገነዝባል፦ ልክ ከተለመደ በኋላ መነሻው ይረሳል፤ ልኩ ሲወጣ ያልተጠራው ወገንም እንደ ሌላው ሁሉ ይገዛበታል።