ዕድሜ በምን ይመሰከራል? የመጠጥ ሽያጭና የዕድሜ ገደብ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

በቁጥር የሚደነገግ ሕግ ሁሉ ቁጥሩን የሚያረጋግጥ መለኪያ ያስፈልገዋል። የሚሸከመው ጭነት የተወሰነለት ድልድይ በመንገዱ ላይ የክብደት መቆጣጠሪያ ሚዛን ካልቆመለት፣ ውሳኔው በወረቀት ላይ ይቀራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ይህ ቁጥር በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ምን ዓይነት መለኪያ እንደሚጠብቀው ለመረዳት፣ መጠጥና ዕድሜ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የነበራቸውን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል።

ከጉና ተራራ እስከ በሽሎና ዓባይ ሸለቆዎች በተዘረጋው በዚህ አገር የመጠጥ መገኛው ጓዳ እንጂ ሱቅ አልነበረም። የደጋው ገብስ ከጌሾና ከብቅል ጋር በጋን ተጠምቆ ለሰንበቴ፣ ለማኅበር፣ ለተዝካር፣ ለሠርግና ለደቦ ይቀርባል። ለሽያጭ የሚጠምቁትም አብዛኛውን ጊዜ ሌላ መተዳደሪያ የሌላቸው ሴቶች ሲሆኑ፣ ምልክታቸው ከደጃፍ በቆመ እንጨት ላይ የተደፋ ጣሳ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልጅ ፈጽሞ የተከለከለ አልነበረም። ድፍድፉ ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚገኘው ቅራሪ ለልጆች ይሰጣል፤ ዋናው ጠላ ለአዋቂዎች ይቀርባል፤ አረቄ ደግሞ ለጎልማሶችና ለሽማግሌዎች ይቀዳል። ይህም ማለት ልማዱ ጠጪውን በዓመት ከመለየት ይልቅ መጠጡን በብርታቱ ይለይ ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ጥበቃው የተሟላ አልነበረም፤ ለአባቱ አረቄ እንዲገዛ ጠርሙስ ተሰጥቶት የሚላከው ልጅ በመንገዱ ላይ የሚቆጣጠረው አልነበረውምና።

ዕድሜስ እንዴት ይታወቅ ነበር? ወንድ ልጅ በተወለደ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ፣ እናትና የንስሐ አባት እስከዚያ ድረስ ዕለቱን አንድ ሳያጎድሉ ይቆጥራሉ። ከዚያ በኋላ ግን የቁጥሩ አስፈላጊነት ያበቃል። ልጁ በሥራው ይለካል፤ በመጀመሪያ ጥጃ ጠባቂ፣ ቀጥሎ ከብት ጠባቂ፣ በመጨረሻም ሞፈር ጨባጭ ይባላል። የትውልድ ዘመኑ ሲጠየቅ ከጣሊያን ወረራ፣ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት ወይም ከ77ቱ ድርቅ በፊት ወይም በኋላ እየተባለ ይነገራል። ጠላ ሻጯ የልጁን ዓመት ባታውቅም የማን ልጅ እንደሆነ ታውቃለች፤ ቁጥጥሩ የተመሠረተው በትውውቅ ላይ ነበር።

መንግሥት ዕድሜን በመዝገብ ለማስፈር ያሰበው ዘግይቶ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የአካለ መጠን መድረሻን 18 ዓመት አድርጎ፣ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ ሹም እንዲመዘገቡ አስቦ ነበር። ነገር ግን ስለ መዝገቡ የተጻፉት አንቀጾች በሥራ የሚውሉበት ጊዜ ወደፊት በትእዛዝ እንዲወሰን ስለተተወ፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይፈጸሙ ቆዩ። በዚህ መካከል የዕድሜ ማስረጃ የሰው ምስክርነት ሆኖ ቀጠለ፤ በቀበሌ መታወቂያ ላይ የሚሰፍረውም የልደት ዘመን በአብዛኛው ባለቤቱ የተናገረው ነው።

የሌላው ዓለም ቅደም ተከተል ከዚህ የተለየ ነበር። በእንግሊዝ የልደት ምዝገባ በ1837 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ ከ49 ዓመት በኋላ፣ በ1886 እ.ኤ.አ.፣ ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች በመጠጥ ቤት ውስጥ የሚጠጣ መጠጥ እንዳይሸጥ ተከለከለ። በ1901 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ደግሞ ለቤተሰብ መጠጥ ለመግዛት የሚላከውን ልጅ ይመለከት ነበር፤ ከ14 ዓመት በታች ላለ ልጅ በታሸገ ዕቃ ካልሆነ በቀር እንዳይሸጥ አዘዘ። በ1923 እ.ኤ.አ. ገደቡ ወደ 18 ዓመት ከፍ አለ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥትም በ1984 እ.ኤ.አ. 21 ዓመትን ያልተቀበሉ ክፍላተ አገር የአውራ ጎዳና ገንዘባቸው እንዲቀነስ ሲወስን፣ ባለ ፎቶግራፍ የመንጃ ፈቃድ በአብዛኛው ወጣት ኪስ ውስጥ ይገኝ ነበር። በሁለቱም አገር መዝገቡ ቀደመ፤ ክልከላው ተከተለ።

በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር ግን ከመዝገቡ በፊት የደረሰው ጠርሙሱ ነው። በቻይና እርዳታ የተሠራው የወረታ ወልድያ መንገድ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ በኩል ሲያልፍ የፋብሪካ ቢራን ወደ ደጋው አቀረበ፤ በ1992 ዓ.ም. የዳሽን ቢራ ፋብሪካ በጎንደር ከተማ ሥራ መጀመሩም አቅርቦቱን ይበልጥ አቃረበው። ከመንገዱ ጋር ከተሞች ሲያድጉና ከገጠር ለትምህርት የመጡ ወጣቶች ቤት ተከራይተው መኖር ሲጀምሩ፣ ሻጩ የማያውቀው ገዢ በዛ። ትውውቅ የተባለው አሮጌ መለኪያ የላላው አዲሱ መለኪያ ሳይተካ ነው።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ምዝገባው በመላ አገሪቱ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ተጀመረ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በዚያ ዕለት ተወልዶ ወዲያውኑ የተመዘገበ ሕፃን 21 ዓመት የሚሞላው በ2029 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የ1112 አዋጅ ሲወጣ ሊጠበቁ የታሰቡት ወጣቶች በሙሉ የተወለዱት ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ነበር። በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያም አንድን ሰው ከሌላው በጣት አሻራና በዓይን ይለያል፤ የልደት ቀን ግን ከጣት አሻራ አይነበብም።

የ1112 አዋጅ መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ሲከለክል፣ ጣቢያዎቹ ጥቂትና የታወቁ በመሆናቸው ትእዛዙን ማስፈጸም አላስቸገረም። ሽያጩ ግን በሺህ በሚቆጠሩ ደጃፎች የሚካሄድ ነው። መዝገቡ ሳይሟላ ቅጣት ቢቀድም፣ ሸክሙ የሚወድቀው የገዢውን ዕድሜ ማረጋገጫ በሌላት አረቄ ሻጭ ላይ ነው፤ ወጣቱም አይጠበቅም። እስከ 2029 ዓ.ም. ያለውን ክፍተት ለመሸፈን የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት መዝገብና የጎረቤት ምስክርነት ተደጋግፈው ሊያገለግሉ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትውልድ ዕድሜ ግን የሚወሰነው የእያንዳንዱ ሕፃን ልደት ከ40ኛውና ከ80ኛው ቀን ባሻገር ተጽፎ በመቆየቱ ነው።